«ጉልበቴ ከዳኝ» ስትሉ ኤምአርአዩ የቱን ጉልበት ነው የሚያየው?

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ሳይደጋገም ቀርቶ አያውቅም፦ «ዶክተር፣ ኤምአርአይ ተነስቼ ምንም የለብህም ተባልኩ፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ማሽኑ ነው እንዴ የማይሠራው?»

ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይሠራል። ጥያቄው የቱ ቦታ ታየ፣ በምን ዓይነት አሠራርስ ታየ የሚለው ነው። ዛሬ ይህን በጡንቻ ምርመራ በኩል ላሳያችሁ። የምጀምረው ግን ከራሴ ስህተት ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ራዲዮሎጂ ሳልማር፣ በዋግ ኽምራ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ እሠራ ነበር። ሰቆጣን የማታውቁ ካላችሁ፣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ በተራሮች መሀል የተቀመጠች። በዙሪያዋ ባለው ገጠር ብዙው ሰው አፉን የፈታው በኽምጣና ስለሆነ፣ አማርኛ የሚያስተረጉምለት ዘመድ ይዞ የሚመጣ ታካሚ ብዙ ነው። አገሩ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ውሃውም፣ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ወይ ከዳገቱ በላይ ነው ወይ ከገደሉ በታች። እዚያ እግሩ የከዳው ሰው ቤት ዋለ ማለት ነው።

አንድ ቀን ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) እሳቸው በኽምጣና ተናገሩ፣ ልጃቸው ወደ አማርኛ መለሰልኝ፦ «ጉልበቴ ከዳኝ ነው የምትለው።» ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ዳገት መውጣት አቅቷቸዋል፤ ከመደብ የሚነሱት እጃቸውን ተደግፈው ነው። ቀኙ ይብሳል አሉ። ጉልበታቸውን ነካካሁ፣ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። እብጠት የለውም። ራጅ ተነሱ፣ ደህና ነው።

እንግዲህ የአማርኛን ነገር አስቡት። «ጉልበት» መገጣጠሚያውም ነው፣ አቅምም ነው። ልጁ የተረጎመልኝ አቅምን ነበር፤ እኔ የሰማሁት መገጣጠሚያውን። በማዘዣው ላይ «የቀኝ ጉልበት ኤምአርአይ» ብዬ ጻፍኩ።

ቤተሰቡ ፍየሎች ሸጠ። ማሽኑ ወዳለበት ከተማ ወርደው ተነሱ፣ ውጤቱን ይዘው ተመለሱ። ጅማቱ ደህና፣ ሜኒስከሱ ደህና፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ የለም። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ልጅየው ግን ወረቀቱን እንደያዘ «ታዲያ ምን ሆና ነው የማትነሳው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኋላ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ሄደው አንድ አንጋፋ ሐኪም አዩአቸው። እሳቸው በማሽን አልጀመሩም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር እንዲነሱ ጠየቋቸው። አልቻሉም። እጃቸውን አንስተው ፀጉራቸውን እንዲነኩ ጠየቋቸው፤ እሱም በመከራ ሆነ። የደከመው መገጣጠሚያው ሳይሆን የጭን፣ የዳሌና የትከሻ ጡንቻ ነበር። በደም ምርመራም ሲኬ የሚባለው፣ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም፣ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለተኛ ኤምአርአይ ታዘዘ፤ በዚህኛው የሁለቱም ጭን ጡንቻ። በሽታው ያኔ ታየ።

ሰውየዋ ያው ናቸው፤ እግሩም ያው እግር ነው። ታዲያ በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ምን ተለወጠ?

ኤምአርአይ በአጭሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃና ስብ በሃይድሮጅን የተሞላ ነው። ትልቁ ማግኔት እነዚህን ሃይድሮጅኖች ያሰልፋቸዋል፣ ማሽኑ በሬዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሳቸዋል፣ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ደካማ ምልክት ይሰጣሉ። ይህን ምልክት የሚሰበስበው አንቴና ኮይል ይባላል። ኮይሉ አነስ ብሎ ወደ አካሉ በቀረበ ቁጥር ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው።

ለጉልበት ምርመራ እግሩ እንደ ቱቦ ያለ ትንሽ ኮይል ውስጥ ይገባል። ባለሙያው የእይታውን ስፋት፣ በሙያው ቋንቋ «ፊልድ ኦፍ ቪው» የሚሉትን፣ 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያደርገዋል። ይህ ማለት ከመገጣጠሚያው በላይ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር፣ በታችም እንዲሁ። ለጅማትና ለሜኒስከስ ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው፤ የተነሱበት ቦታ ያሉ ባለሙያዎች እኔ የጻፍኩትን በሚገባ ነው የሠሩት። የጭን ጡንቻ ግን ከዳሌ እስከ ጉልበት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እኔ ያዘዝኩት ምርመራ ያየው የጡንቻውን ጫፍ ብቻ ነበር።

ስፋቱን መጨመር ታዲያ ዋጋ አለው። ስልካችሁን አስቡት፤ አንድ ሰው ፊት ላይ አስጠግታችሁ ስታነሱና ሙሉ የሠርግ ሚዜዎችን ስታነሱ የካሜራው ነጥብ ብዛት ያው ነው፣ ለእያንዳንዱ ፊት የሚደርሰው ግን ይቀንሳል። ኤምአርአይም እንደዚያው። በአንድ ረድፍ 320 ነጥብ አለ እንበል። 16 ሴንቲ ሜትሩን ለ320 ስናካፍል እያንዳንዱ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለቱንም ጭን ለማየት ስፋቱን 40 ሴንቲ ሜትር ስናደርገው ግን ነጥቡ 1.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሥዕሉ ሻካራ ሆነ ማለት ነው።

ኪሳራ ነው? ለጡንቻ አይደለም። የሜኒስከስ ስንጥቅ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል እዚያ እያንዳንዱ ነጥብ ይቆጠራል። የጡንቻ በሽታ ግን የሚታወቀው በስርጭቱ ነው፤ የትኛው ጡንቻ ተያዘ፣ የትኛው ተረፈ፣ ግራና ቀኙ ይመሳሰላሉ ወይ። ቁርጥ ቤት የተሰቀለ ታፋ ስትመርጡ ጥቂት ራቅ ብላችሁ ቀዩ የት እንዳለ፣ ጮማው የት እንደገባ ነው የምታዩት እንጂ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አንዷን ክር አትመረምሩም።

ደግሞ ነጥቡ ስፋት ብቻ አይደለም ያለው፣ ውፍረትም አለው። ጉልበት ላይ የአንዱ ቁራጭ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የአንዱ ነጥብ ይዘት 0.75 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ነው። ጭን ላይ ውፍረቱን 6 ሚሊ ሜትር ስናደርገው 9.4 ገደማ ይሆናል፤ ከ12 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በትልቅ ነጥብ ውስጥ ብዙ ሃይድሮጅን አለ፣ ብዙ ሃይድሮጅን ደግሞ ብዙ ምልክት ይሰጣል። ሰውነት ላይ የሚነጠፈው ትልቁ ኮይል ከትንሹ ያነሰ የሚሰማውን ይህ ያካክስለታል። ጭንም ላይ የጉልበቱን ጥራት እፈልጋለሁ ብሎ ነጥቡን የሚያሳንስ ሰው የሚያገኘው ጥርት ያለ ሥዕል አይደለም፤ አንቴናው የተነቀለ የድሮ ቴሌቪዥን ነው።

የሚታመመው አንዱ ቢሆንም ሁለቱንም ጭን አንድ ላይ ማየቱን እኔ እመርጣለሁ። ጤነኛው ለታመመው መለኪያ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የእይታው ስፋት ከአካሉ ካነሰ ከሥዕሉ ውጪ የቀረው ሥጋ ዝም ብሎ አይቀርም፤ በሌላኛው ጠርዝ ታጥፎ ይገባና በሥዕሉ ላይ ይደረባል። የግራ ጭን ሥጋ በቀኙ ላይ ተነባብሮ ያየሁባቸው ፊልሞች አሉ። ላላወቀ ሰው ዕጢ ሊመስል ይችላል። ጥሩ ቴክኖሎጂስት ይህን የሚያስቀረው ስፋቱን በመጨመር፣ ወይም ማሽኑ ከሥዕሉ ጠርዝ ትንሽ አልፎ እንዲለካ በማዘዝ ነው። ሁለት ጭኖች ጎን ለጎን ሲተኙ ወደ ጎን ሰፊ፣ ከፊት ወደ ኋላ ግን ቀጭን ስለሆኑ፣ ሥዕሉን አራት ማዕዘን አድርጎ በቀጭኑ በኩል መቀነስም ይቻላል፤ ጊዜም ይቆጥባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስፋቱ ቢስተካከልም የሥዕሉ ዓይነት ካልተስተካከለ በሽታው ሊያመልጥ ይችላል።

ለጡንቻ ሁለት ዓይነት ሥዕል ያስፈልጋል። አንደኛው ቲ1 ይባላል፤ በዚህ ላይ ስብ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጡንቻ ለረጅም ጊዜ ሲጎዳ ሥጋው እየሟሸሸ ስብ ይተካዋል፣ ስለዚህ ቲ1 የሚነግረን የቆየውን ጉዳት ነው። ሁለተኛው ስብን አጥፍቶ ውሃን የሚያደምቅ ሥዕል ነው። የተቆጣ፣ በሽታው ገና እየነደደበት ያለ ጡንቻ ውሃ ስለሚቋጥር እዚህ ላይ ያበራል። ልዩነቱ ለታካሚው ትልቅ ነው፤ የሚያበራው ጡንቻ በመድኃኒት ሊመለስ ይችላል፣ ወደ ስብ የተለወጠው ግን አይመለስም።

ስብን ለማጥፋት ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው «ፋት ሳት» የሚባለው ነው። የስብ ሃይድሮጅንና የውሃ ሃይድሮጅን ድምፃቸው በጥቂቱ ይለያያል፤ 1.5 ቴስላ በሆነ ማግኔት ውስጥ ልዩነቱ ወደ 220 ኸርዝ ነው። ማሽኑ የስቡን ድምፅ ብቻ ለይቶ ያፍነዋል። ይህ የሚሳካው ግን ማግኔቱ በሁሉም ቦታ እኩል ሲሆን ነው። ማግኔት ደግሞ መሀሉ ላይ ነው እኩል የሚሆነው፤ ወደ ጠርዙ ስትሄዱ ይዛባል። ጉልበት ትንሽ ስለሆነ መሀሉ ላይ ይቀመጣል፣ ችግር የለም። ሰፊ የጭን ሥዕል ግን ጠርዝ ድረስ ይደርሳል። እዚያ ስቡ ሳይጠፋ ይቀርና ያበራል፤ አንባቢው «በሽታ ነው» ሊል ነው። ወይም ይባስ ብሎ ማሽኑ ውሃውን ያጠፋና እውነተኛው በሽታ ይሰወራል።

ሁለተኛው መንገድ «ስቲር» ይባላል። ይህኛው ድምፅ አይለይም፣ ጊዜ ነው የሚጠብቀው። ከተቀሰቀሱ በኋላ የስብ ሃይድሮጅኖች ከውሃው ፈጥነው ይመለሳሉ፤ ምልክታቸው ዜሮ የሚሆንባት ቅጽበት አለች። በ1.5 ቴስላ 150 እስከ 170 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ናት፣ በ3 ቴስላ ረዘም ትላለች። ማሽኑ ልክ በዚያች ሰዓት ምልክቱን ሲሰበስብ ስብ ይጠፋል። ማግኔቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢዛባም ብዙ አይጎዳውም። ሥዕሉ ትንሽ ሻካራ ነው፣ እንደ ፋት ሳት አያምርም፤ ለሰፊ ጡንቻ ግን እኔ ስቲርን እመርጣለሁ። አቅማቸው አነስተኛ በሆነ ክፍት ማግኔቶች ላይማ ምርጫም አይደለም። 0.35 ቴስላ ላይ በስብና በውሃ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ወደ 50 ኸርዝ ስለሚወርድ ለይቶ ማፈኑ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «ማሽኑ ትንሽ ስለሆነ ለጡንቻ አይሆንም» ሲሏችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። በትክክል የተስተካከለ ትንሽ ማሽን፣ በስህተት ከተስተካከለ ትልቅ ማሽን ይሻላል። (ዲክሰን የሚባል ሦስተኛ ዘዴም አለ፣ ባለበት ቦታ በጣም ጥሩ ነው።)

የእኚያ እናት ሁለተኛው ምርመራ የተሠራው እንዲህ ነበር። ትልቁ ኮይል ከዳሌ እስከ ጉልበት ተነጠፈ፣ ሁለቱም ጭኖች ተካተቱ፣ ቲ1 እና ስቲር ተነሱ። ቁራጮቹ አግድም ናቸው፤ ምክንያቱም አግድም ሲቆረጥ እያንዳንዱ ጡንቻ በየቦታው ተለይቶ ይታያል። በየ10 ሚሊ ሜትሩ አንድ ቁራጭ ከወሰዳችሁ 40 ሴንቲ ሜትሩን ለመጨረስ 40 ቁራጭ ይበቃል። በስቲሩ ላይ የፊት ጭን ጡንቻዎች በሁለቱም በኩል እዚህም እዚያም አብርተዋል። በቲ1 ላይ ግን ወደ ስብ የተለወጠው ጥቂት ብቻ ነበር። ጊዜ ነበራቸው ማለት ነው።

እዚህም እዚያም ያልኩት በምክንያት ነው። የጡንቻ ብግነት ጡንቻውን ሁሉ እኩል አይዝም፤ ናሙና ሲወሰድ መርፌው ጤነኛው ላይ ካረፈ መልሱ «ምንም የለም» ይሆናል። ሰፊው ሥዕል ለቀዶ ሐኪሙ የት ቢወስድ እንደሚሻል ያሳየዋል። ለእሳቸውም ናሙናው ከሚያበራው ቦታ ተወሰደ፣ ብግነቱ ተረጋገጠ፣ ፕሬድኒሶሎን ተጀመረላቸው።

ስለ ጊዜው ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ «ለምን ያን ያህል ይቆያል?» አንድ የስቲር ዙር እንዲህ ይሰላል፦ 4 ሴኮንድ በ256 መስመር፣ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ፣ በአንዴ 16 መስመር ከተሰበሰበ 128 ሴኮንድ ነው። ሁለት ደቂቃ ከስምንት ሴኮንድ። ቁራጩ ሲበዛ ዙሩ ይጨምራል። እግራችሁን ያንቀሳቀሳችሁበት ዙር ይደገማል፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ሂዱ፣ ከጉልበታችሁ ሥር ትራስ ጠይቁ።

በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ለጡንቻ ብግነት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። መግልና ዕጢ ሲጠረጠር ሌላ ነው። ኩላሊታችሁ ላይ ችግር ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አሁን ደግሞ ከእናንተ የሚጠበቀው። ይህ ክፍል ማሽኑን የማስተካከል ያህል ነው። ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ጂም ገብታችሁ ጭናችሁን አታድክሙ፤ የደከመ ጡንቻ ውሃ ይቋጥርና በስቲር ላይ በሽታ መስሎ ያበራል። መርፌም እንደዚሁ። እኛ አገር ሕመም ሲበረታ መቀመጫ ላይ ወይም ጭን ላይ ዳይክሎፌናክ መወጋት የተለመደ ነው። የተወጋው ቦታ በሥዕሉ ላይ ያበራል። ከተወጋችሁ የትኛው ጎን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ለባለሙያው ንገሩት፤ አንድ ቃል ነው፣ ግን ከተሳሳተ ውጤት ያድናችኋል። የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ ካደረጋችሁም እንዲሁ፣ እሱም በመርፌ ስለሆነ።

የአንገት መስቀል፣ ብረት ያለበት ክታብ፣ የፀጉር ጌጥ፣ ሁሉም ይውለቅ። ሰውነታችሁ ውስጥ የጥይት ወይም የፍንጣሪ ስብርባሪ ካለ፣ ከዓመታት በፊት የገባ ቢሆንም አትደብቁ፤ መጀመሪያ በራጅ ይታያል። ልብ ላይ የተተከለ ማሽን ካለም ሳይነገር ወደዚያ ክፍል አይገባም። ንቅሳት ካላችሁ ተናገሩ፣ አልፎ አልፎ ሊያሞቅ ይችላል። የሚያማችሁ አንድ የታወቀ ቦታ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው የዘይት እንክብል (የቫይታሚን ኢ ወይም የዓሣ ዘይት) ቆዳችሁ ላይ በፕላስተር ሊለጥፍ ይችላል። አትገረሙ፤ ዘይት በቲ1 ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ የሕመሙን ቦታ ለአንባቢው ይጠቁመዋል።

ሐኪማችሁን ደግሞ ይህን ጠይቁት፦ «ድክመቴ ከመገጣጠሚያው ነው ወይስ ከጡንቻው?» እኔ ያኔ ይህን ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ማዘዣው እንዲህ ይል ነበር፦ «የሁለቱም ጭን ጡንቻ፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፤ አግድም ቲ1 እና ስቲር፤ የጡንቻ ብግነት ተጠርጥሮ፤ ለናሙና የሚሆን ቦታ ይጠቆም።» የማዘዣ ወረቀት ላይ የአካል ስም ብቻ ካለና የተጠረጠረው በሽታ ካልተጻፈ፣ ማሽኑ ጋ ያለው ባለሙያ ምን እንደምንፈልግ በግምት ነው የሚሠራው።

ኤምአርአይ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። አንድ ጭን ወይም ዳሌ ከትኩሳት ጋር ካበጠ፣ ከጠነከረና ከነካችሁት ካመመ፣ ጡንቻ ውስጥ መግል ሊሆን ይችላል። ሞቃታማ አገሮች ውስጥ የታወቀ በሽታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። አልትራሳውንድ ባለበት ቦታ ሁሉ መግሉ ሊታይና ሊወጣ ይችላል፤ ለኤምአርአይ ብላችሁ ሁለት ቀን መንገድ ላይ አትዋሉ። የጡንቻ ድክመት ያለበት ሰው መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው፣ ወይም ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ያው ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ሲኬው ወረደ፣ ከወራት በኋላ እጃቸውን ሳይደገፉ ከመደብ መነሳት ጀመሩ። ራዲዮሎጂ ስማር ያን የመጀመሪያውን የጉልበት ፊልም እንደገና አየሁት። ከላይ ጫፉ ላይ፣ ኮይሉ መስማት በሚያቆምበት ቦታ፣ ከጭን በወረደው የጡንቻ ጫፍ ላይ የደበዘዘ ነጭ ነገር አለ። ዛሬ ስለማውቀው ነው የሚታየኝ ወይስ ያኔም ይታይ ነበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለክትትል ሦስተኛ ኤምአርአይ ሲታዘዝ ያስቸገረን ሌላ ነገር ነበር። ከበፊቱ ጋር ለማወዳደር ስፋቱም፣ ውፍረቱም፣ የስቲሩ ጊዜም ያው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የተሻለው ጡንቻው ይሁን የማሽኑ አቀማመጥ አይለይም። ይህ ቁጥር ሁሉ የሚገኘው ሲዲው ላይ ነው። ልጃቸው ፊልሙን ቤት ግድግዳ ላይ ሰክቶት ጢስ ጠጥቶ ነበር። ሲዲውን ግን በፌስታል ጠቅልሎ እህል ጎታ ውስጥ አስቀምጦት ነበርና አምጥቶ ሰጠን፤ ተነበበ።